«ኤት» ምሥጢር አይደለችም፣ «ን» ናት

ባለፈው ወር ብቻ አንድ ቪዲዮ ስድስት ሰው ላከልኝ። ስድስተኛው አጎቴ ናቸው፤ ልከው አላበቁም፣ ደውለው «አየሽው?» አሉኝ። አይቼዋለሁ። ሰባኪው ነጭ ሰሌዳ ላይ የዕብራይስጥ ፊደል እየጻፈ ያብራራል። የዘፍጥረት የመጀመሪያ ቁጥር በዕብራይስጥ 7 ቃላት ነው። መካከል ላይ ያለችው አራተኛዋ ቃል «ኤት»፣ አሌፍና ታው ብቻ ናት፣ የፊደል መጀመሪያና መጨረሻ፣ አልፋና ዖሜጋ። ተርጓሚዎች ሁሉ ዘለሏት፣ ደበቁን። ሕዝቡ እልል ይላል።

ዕብራይስጥ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ በመጀመሪያው ቀን የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው። አንዴ ጽፌው ልገላገል፣ ከዚህ በኋላ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህን ነው የምልከው። ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ዕብራይስጥ የቋንቋ ሁሉ እናት ነው።» አይደለም። የፊንቄና የሞዓብ ቋንቋዎች እህት፣ የግዕዝም ዘመድ ነው። የሞዓቡ ንጉሥ ሞሳ ያስቀረጸው ድንጋይ በ1868 ተገኝቷል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ዕብራይስጥ የሚያነብ ሰው አብዛኛውን ይረዳዋል።

«ብሉይ ኪዳን በሙሉ የተጻፈው በዕብራይስጥ ነው።» ዳንኤል ከምዕራፍ 2 ቁጥር 4 እስከ ምዕራፍ 7 መጨረሻ አራማይክ ነው። ዕዝራም ውስጥ አለ።

«ጌታ ‹አንዲት ነጥብ አታልፍም› ያለው ስለ ዕብራይስጥ ነጥቦች ነው።» በቃላቱ ሥርና አናት ላይ የምናያቸውን የአናባቢ ነጥቦች የጨመሩት የጥብርያዶስ ሊቃውንት ናቸው፣ ያውም ከጌታ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ። ግሪኩ የሚለው የፊደል ጫፍ፣ ትንሽ ቀንድ ነው። «የውጣ» ደግሞ ዮድ ናት፣ ከሁሉም የምታንሰው ፊደል።

«ኤሎሂም ብዙ ቁጥር ስለሆነ ሥላሴን ያሳያል።» ይኸው ቃል መጽሐፈ መሳፍንት 11 ላይ ለሞዓብ ጣዖት ለካሞሽ ተብሏል። ለነገሩ የእኛው «አምላክ» ራሱ ቅርጹ የግዕዝ ብዙ ቁጥር ነው፣ ልክ እንደ «አልባስ»። ሥላሴን ለማስተማር ሌላ ስንት ጥቅስ አለ እኮ።

አሁን ደም ግፊቴን ወደሚጨምረው ልምጣ። «እያንዳንዱ የዕብራይስጥ ፊደል ሥዕል ነው፤ ሥዕሎቹን ስትደምር የቃሉ ስውር ትርጉም ይወጣል።» አሌፍ በሬ፣ ቤት ቤት፤ ስለዚህ «አብ» ማለት «የቤቱ ብርታት» ነው ይላሉ።

ግማሹ እውነት ነው፣ ችግሩም እሱ ነው። ፊደሎቹ ከሥዕል መነሳታቸው እውነት ነው። በ1905 የጥንት ቅርስ ቆፋሪው ፍሊንደርስ ፔትሪ ሲና በረሃ ውስጥ፣ ሰራቢት ኤል ኻዲም ከሚባል የጥንት የከበረ ድንጋይ ማውጫ፣ እንግዳ ጽሑፎች አገኘ። በ1916 የጥንት ግብፅ ጽሑፍ ሊቅ የነበረው አለን ጋርዲነር ጥቂቱን ማንበብ ቻለ። ያነበበበት መንገድ ግን ቀላል ነበር፦ የበሬ ራስ ሥዕል በሬ ማለት አይደለም፣ «አልፍ» የሚለው ቃል የሚጀምርበት ድምፅ ነው። የቤት ሥዕል «በ» ነው፣ አለቀ። ትርጉሙ ተጥሎ ድምፁ ብቻ ስለቀረ ነው ፊደል የተባለው።

ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስቸግርም ነበር። የግዕዝ ፊደልም ስም አለው እኮ፤ አልፍ፣ ቤት፣ ገምል እያለ ይሄድና የማን፣ ዐይን፣ አፍ፣ ርእስ ይላል። በዚህ ስሌት «በር» ማለት ቤትና ራስ ነው። እሺ፣ «የቤት ራስ» እንበለው፣ ያምራል። «በርበሬ»ስ? ሁለት ቤት፣ ሁለት ራስ። ክፍል ውስጥ ይህን ስጽፍ ሁሉም ይስቃል፣ ከዚያ አንዱ እጁን ያወጣና «ዕብራይስጥ ግን ይለያል» ይላል። በምን ይለያል? ዳሌት፣ ቤት፣ ሬሽ ጻፉ። «ዳቫር» ብላችሁ ብታነቡት ቃል ነው፣ «ዴቬር» ብትሉት ቸነፈር። ሦስቱም ፊደል ያው ነው፣ ሥዕሉም ያው። በግዕዝ ደግሞ ደብር፣ ተራራ። ከሦስቱ ስውሩ ትርጉም የቱ ነው?

የእግዚአብሔርንም ስም አልተዉትም። ዮድ ሄ ዋው ሄ «እጁን እዩ፣ ምስማሩን እዩ» ማለት ነው ብለው ቲሸርት ላይ ያትማሉ። ዋው ኩላብ ናት፣ ዘጸአት 27 ላይ የድንኳኑ አደባባይ ምሰሶዎች ያሏቸው ማንጠልጠያዎች። ምስማር በዕብራይስጥ «ማስሜር» ነው፣ የእኛው ቃል ዘመድ ስለሆነ ማንም አበሻ በአንድ ጊዜ ይይዘዋል።

«የኔታም እኮ ፊደሉን ይተረጉሙ ነበር» የሚለኝ አለ። አዎ፣ «ሀ ብሂል ሀልዎቱ ለአብ እምቅድመ ዓለም፣ ለ ብሂል ለብሰ ሥጋ እምድንግል» እያልን ነው ያደግነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን የኔታ «ሎሚ» የሚለውን ቃል በዚህ ፈትተው አያውቁም። ፊደሏን ይዘው ሃይማኖት አስተማሩ፣ የቃላት ትርጉም አላወጡባትም።

ወደ «ኤት» ልመለስ። «ኤት» የተደበቀች ቃል ሳትሆን የምትሠራ ቃል ናት። ዕብራይስጥ አንድ የታወቀ ነገር ድርጊት ሲደርስበት ከፊቱ «ኤት» ያስቀምጣል። አማርኛ ያንኑ ከኋላ «ን» ብሎ ያደርገዋል። «ዳቦ በላሁ» እንላለን፣ የታወቀ ዳቦ ከሆነ ግን «ዳቦውን በላሁ»። ዕብራይስጥም ልክ እንዲሁ ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪ ወር የሚፈጅበትን የእኛ ልጅ በአምስት ደቂቃ ይገባዋል። ስለዚህ «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» በሚለው ውስጥ ሁለቱም «ን»ዎች «ኤት» ናቸው። ግዕዙም «ሰማየ ወምድረ» ብሎ አስቀምጧታል። ማን ደበቃት? ሰባኪው ማይክራፎን ላይ «ተሰወረች» ሲል ራሱ ሁለቴ ተርጉሟታል።

ቴል አቪቭ ገበያ ውስጥ «ፈላፈሉን ስጠኝ» ለማለት «ቴን ሊ ኤት ሃፈላፈል» ይባላል።

አንድ ዲያቆን ተማሪዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራከረኝ። መጨረሻ ላይ እርሳስ ሰጥቼው ዘፍጥረት 1ን፣ 4ን እና 5ን ይዞ «ኤት» ያለበትን ሁሉ እንዲያከብብ ላክሁት። በማግስቱ መጣ። «መምህር፣ ታላላቆቹ አንበሪዎች ፊትም አለች» አለኝ፣ ቅር ብሎት። ቃየን ፊትም አለች። እዚያው 4፥1 ላይ ሔዋን «ከእግዚአብሔር» ስትል ደግሞ «ኤት» ሌላ ቃል ናት፣ «ከ… ጋር» ማለት። በመላው መጽሐፍ ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ ትመጣለች። ሁሉም አልፋና ዖሜጋ ከሆኑ ቃየንን ምን ልናደርገው ነው?

ደግሞ ጨዋታው አዲስ አይደለም። ታልሙድ በሚባለው የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ ውስጥ ሽምዖን የሚባል መምህር «ኤት» በመጣች ቁጥር አንድ ተጨማሪ ነገር ታመለክታለች እያለ ሁሉንም ይተረጉም ነበር። ዘዳግም 6 ላይ «እግዚአብሔር አምላክህን ፍራ» የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ። ከእግዚአብሔር ጋር ማን ይጨመራል? ሁሉንም ትርጓሜውን ተወ። ደቀ መዛሙርቱ «እስከ ዛሬ የተረጎምከውስ?» ሲሉት፣ ለትርጓሜው ዋጋ እንደተቀበልኩ ለመተዉም እቀበላለሁ አላቸው። በኋላ ረቢ አቂባ መጥቶ «ሊቃውንትን ለመጨመር ነው» ብሎ ፈታው። የሁለቱም ክርክር ስለ ትርጓሜ ነው፤ ሰዋስው ተደበቀ ያለ የለም።

የቁጥሩን ነገር በአጭሩ። ዕብራውያን ፊደልን እንደ ቁጥር መጠቀማቸው እውነት ነው። የአብርሃም 318 ሎሌዎች የሎሌው የኤሊዔዘር ስም ድምር ናቸው የሚል ትርጓሜ አላቸው፣ ደምሩት፣ ይመጣል። የበርናባስ መልእክት የሚባለው የጥንት ጽሑፍ ግን ያንኑ 318 በግሪክ ፊደል ቆጥሮ ኢየሱስና መስቀል አወጣበት። እኛ ደግሞ የኒቅያ አባቶችን እናስባለን። አንድ ቁጥር ሦስት ቦታ ሲሠራ ደስ ይላል፣ ማስረጃ ግን አይሆንም። ባለፈው ዓመት አንድ ባልና ሚስት የልጃቸው ስም በዕብራይስጥ ስንት እንደሚመጣ ጠይቀውኝ ነበር። ሕፃኗን ዝም ብላችሁ ሳሟት አልኳቸው።

ከዕብራይስጡ መጽሐፍ ላይ ፊደል እየዘለሉ ትንቢት ማውጣትም በ1994 በአንድ የስታቲስቲክስ መጽሔት ታትሞ ነበር። በ1999 እነ የሒሳብ ሊቁ ብሬንዳን ማኬይ እዚያው መጽሔት ላይ አፈረሱት። ማኬይ በዚሁ ዘዴ ስለ ዓሣ ነባሪ ከተጻፈው ሞቢ ዲክ ልብ ወለድ የመሪዎች ግድያ «ትንቢት» አውጥቶ አሳይቷል።

እውነተኛ ስውር ጽሑፍ ከፈለጋችሁ አለ፣ እነዚህ ሰዎች ግን አይጠሩትም። ኤርምያስ 25 ላይ «የሼሻክ ንጉሥ» የሚል አለ። ፊደሉን ከመጨረሻው ገልብጡት፣ አሌፍን በታው፣ ቤትን በሺን፣ ላሜድን በካፍ ተኩ፤ ባቤል ሼሻክ ይሆናል። ምዕራፍ 51 ቁጥር 41 ደግሞ ሼሻክንና ባቢሎንን አንድ ላይ ስለሚጠራ ለመፍታት ሰባኪ አያስፈልግም። ዳዊት ያለው ሰው መዝሙር 118ን ይክፈት፦ 22 ፊደል፣ ለእያንዳንዱ 8 ቁጥር፣ 176። በዕብራይስጡ ስምንቱም በዚያች ፊደል ይጀምራሉ፣ ስሟም በግዕዙ ዳዊት ላይ ተጽፏል። ከዚያ ሰቆቃወ ኤርምያስን አንብቡ፤ ምዕራፍ 1 ፊደሉን በተለመደው ተራ ይሄዳል፣ ከ2 እስከ 4 ግን ፌ ከዐይን ትቀድማለች። ሊቃውንቱን የሚያከራክር እንዲህ ያለው ነው። ይህን ጠይቁኝ፣ ቡና እኔ እጋብዛለሁ።

በመጨረሻ የአጎቴ ልጅ። ከዱባይ ስትመጣ በዕብራይስጥ «ሻሎም» የተጻፈበት የወርቅ ሐብል አድርጋ መጣች። ዕብራይስጥ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ የሐብሉ ፊደሎች ግን ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድረዋል፣ ቃል መጨረሻ ላይ ብቻ የምትመጣው ዝግ ሜም መጀመሪያ ላይ ተቀምጣለች፤ ሲነበብ «ምውልሽ» ይላል። ነገርኳት። ዘወር አድርጋ በጀርባው አንጠለጠለችው። አሁን ተራው ልክ ነው፣ ፊደሎቹ ደግሞ ፊታቸውን አዙረዋል።