ራፊ የሀዘን ዘፋኝ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ይገባዋል። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ የህንድ ፊልም፣ ጀርባ የሚያሳምም አግዳሚ ወንበር፣ ከኋላ «ዞር በል!» እያለ የሚጮህ ሰው፣ እና ታሪኩ ልብ ሲሰቅል ድንገት የሚመጣ ዘፈን። ቋንቋውን አንሰማም። ዘፈኑን ግን ስንወጣ ሁላችንም በራሳችን ህንድኛ እያንጎራጎርን ነበር ቤት የምንገባው።

ሰሞኑን ቡና ላይ ከጓደኞቼ ጋር የህንድ ፊልም ዘፋኙ የመሐመድ ራፊ ነገር ተነስቶ ተጨቃጨቅን። ብዙ ሰው ስለሱ የሚያወራው ነገር ወይ ስህተት ነው ወይ ግማሽ እውነት ነው። እኔም ራሴ ሁለቱን ለዓመታት አምኜ ኖሬአለሁ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ዘፈኑን የሚዘፍነው አክተሩ ራሱ ነው»

አይደለም። ብዙዎቻችን ግን ልጅ ሆነን እንደዚያ ነበር የሚመስለን። አክተሩ ይደባደባል፣ ያለቅሳል፣ አይሞትም፣ በዚያ ላይ እንደዚህ ይዘፍናል! ለካ ዘፋኙ ሌላ ሰው ነው። ህንዶቹ ፕሌይባክ ይሉታል። ዘፈኑ ፊልሙ ከመቀረጹ በፊት ስቱዲዮ ይቀዳል፤ ያኔ ደግሞ ዘፋኙም ኦርኬስትራውም አብረው ነበር የሚቀዱት፣ አንዱ ቫዮሊን ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው። ከዚያ ቀረጻው ቦታ ላይ ዘፈኑ በድምፅ ማጉያ ይለቀቅና አክተሩ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

በቃና የለመድነው የአማርኛ ትርጉም ፊቱ ቀድሞ ድምፁ የሚከተልበት ነው። እዚህ ግን ድምፁ ነው የሚቀድመው። ማለትም ዘፋኙ ገና ያልተቀረጸ ትዕይንት፣ ገና ያልታየ ፊት እየገመተ ነው የሚዘፍነው። ይህቺን ያዙልኝ፤ የራፊ ችሎታ ያለው እዚች ላይ ነው።

«ራፊ ማለት የሀዘን ዘፈን ነው»

ይሄኛው ነው በጣም የሚያናድደኝ። እርግጥ ነው፣ እያለቀሰ ሲዘፍን ድንጋይ ያስለቅሳል። ግን የሀዘን ዘፋኝ ብቻ የሚል ሰው ፕያሳ የሚባለውን ፊልም ይይልኝ፣ የ1957 ፊልም ነው። ዳይሬክተሩም ዋናው ተዋናይም ጉሩ ዱት ነው፤ ግጥሙ የሳሂር ሉዲያንቪ፣ ዜማው የኤስ ዲ በርማን።

ታሪኩ የማይታወቅ ገጣሚ ነው። ሞቷል ይባልና ስሙ ይገናል፣ መጽሐፉ ይሸጣል፣ በህይወት እያለ የናቁት ሰዎች ተሰብስበው የመታሰቢያ ዝግጅት ያደርጉለታል። እሱ ግን አልሞተም። አዳራሹ በር ላይ መጥቶ ይቆማል፣ ብርሃኑ ከኋላው፣ ክንዱን በሩ መቃን ላይ ዘርግቶ። ያኔ የራፊ ድምፅ ይጀምራል፤ ዝቅ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። ይህ ዓለም ቢሰጠኝስ ምን ያደርግልኛል ነው የሚለው። እያንዳንዱ ስንኝ ከቀደመው ትንሽ ከፍ ይላል፤ መጨረሻ ላይ ይህን ዓለም አቃጥሉት ብሎ ሲጮህ ድምፁ ሊሰነጠቅ ደርሶ አይሰነጠቅም። እኔ እዚያ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ጸጥ እላለሁ።

እዚያው ፊልም ውስጥ ደግሞ ጆኒ ዎከር አለ። ኮሜዲያን ነው። የዘይት ጠርሙሱን ይዞ መንገድ ላይ ጭንቅላት እያሸ የሚኖር ሰው ሆኖ ይተውናል። ጭንቅላትህ ከዞረ፣ ልብህ ከከበደ ወደኔ ና እያለ ደንበኛ ይጣራል። ድምፁ ይንከላወሳል፣ ትንሽ በአፍንጫው ይላል፣ ቃላቱን እንደ ሎተሪ አዟሪ ይወረውራቸዋል። ይሄም ራፊ ነው! ያው ገጣሚ፣ ያው አቀናባሪ፣ ያው ጉሮሮ። ፊልሙን ሳይነግሩት ሁለቱን ዘፈን ያሰሙት ሰው ሁለት ዘፋኝ ነው ብሎ ይምላል።

(በነገራችን ላይ ጆኒ ዎከር የሚለው ስም ከውስኪው ነው የተወሰደው፤ ያወጣለትም ጉሩ ዱት ነው። በሰካራም ገጸ ባህርይ የታወቀ ሰው ነው፣ ግን ራሱ መጠጥ አይቀምስም ነበር። ራፊም አይጠጣም። ሁለት ጠጥተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው ያን ሁሉ ስካር የሠሩት።)

ከዚያ አክተሩ ሻሚ ካፑር አለ። ሰውየው አይቆምም፤ ይዘላል፣ ይወድቃል፣ አንገቱን ይጥላል። በ1964 ፊልሙ ካሽሚር ሐይቅ ላይ፣ ጀልባ ውስጥ ሆኖ የፍቅረኛውን ፈጣሪ እንዴት ላመስግነው የሚለውን አንድ መስመር ደጋግሞ ደጋግሞ ይለዋል። ራፊ ያችኑ መስመር አንዴ ይጎትታታል፣ አንዴ ያነጥፋታል፣ አንዴ ይቆርጣታል፤ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት የለም። ሻሚ ቀረጻ ላይ እየተገኘ እዚህ ጋ እንዲህ አደርጋለሁ እያለ መናገር ይወድ ነበር። አንድ ጊዜ ግን አገር ውስጥ ሳይኖር ዘፈኑ ተቀዳ። ተመልሶ ሲሰማ ተናደደ፤ ከዚያ አዳመጠው። ሊያደርገው ያሰበው ሁሉ ዘፈኑ ውስጥ አለ። እንዴት አወቅክ ቢለው፣ ራፊ ለሻሚ ነው ሲሉኝ እዚህ ጋ እጁን ያነሳል፣ እዚያ ጋ እግሩን ይወረውራል ብዬ ገመትኩ አለው። ይህን ያወራው ሻሚ ራሱ ነው።

«‹ያሁ!› ብሎ የሚጮኸውም ራፊ ነው»

የ1961 ጃንግሊ ፊልም፣ ሻሚ ካፑር በረዶ ላይ የሚንከባለልበት። ዘፈኑ የራፊ ነው፣ ጩኸቱ ግን የሌላ ሰው ነው፤ ፕራያግ ራጅ ይባላል። አንዱ ያመንኩት ስህተት ይሄ ነበር።

«ተፈጥሮ ነው እንጂ አልተማረም»

በ1924 ፑንጃብ ውስጥ፣ አምሪትሳር አጠገብ ኮትላ ሱልጣን ሲንግ በምትባል መንደር ተወለደ። ልጅ ሆኖ መንደሩ ውስጥ እየዘፈነ የሚለምን ፈቂር ይከተልና ያንኑ ያስመስል ነበር። ሰዎች እዚህ ጋ ያቆሙና «አየህ፣ ፈጣሪ የሰጠው!» ይላሉ። ታሪኩ ግን ይቀጥላል። ቤተሰቡ ላሆር ገባ፣ አባቱ ጸጉር ቤት ከፈቱ። ልጁ እዚያ ኡስታድ አብዱል ዋሂድ ካንን ከመሳሰሉ የክላሲካል መምህራን እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። በ13 ዓመቱ ላሆር ውስጥ የዘመኑ ኮከብ ሳይጋል በተጋበዘበት ዝግጅት መድረክ ላይ ወጣ። መብራት ጠፍቶ ሳይጋል ያለ ማይክ አልዘፍንም ሲል ልጁን አወጡት ይባላል። መብራት መጥፋት ለሰው ሲሳይ ሲሆን ይሄ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። በ1944 ወደ ቦምቤይ ሄደ፣ ሌላው ታሪክ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

ትምህርቱን መስማት የፈለገ በ1952 በባይጁ ባውራ ፊልም የዘፈናቸውን ይስማ። ይህኛው ቀጣዩን ስህተትም ያፈርስልናል።

«የሂንዱ መዝሙሮቹን የዘፈነው ሂንዱ ነው»

ባይጁ ባውራ ውስጥ ጌታዬ ፊትህን ለማየት ልቤ ይቃጠላል የሚል መዝሙር አለ። ለሂንዱ አምላክ የተዘመረ ነው። በብዙ ህንዳውያን ዘንድ ከፊልም ከወጡ መዝሙሮች ሁሉ በጣም ከሚወደዱት አንዱ ነው። ግጥሙን የጻፈው ሻኪል ባዳዩኒ፣ ሙስሊም። ዜማውን የሠራው ናውሻድ፣ ሙስሊም። የዘፈነው ራፊ፣ ሙስሊም፣ ያውም ሃይማኖቱን አጥባቂ። ፊልሙ የወጣው ህንድና ፓኪስታን በደም ከተለያዩ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። የራፊ ከተማ ላሆር በዚያኛው በኩል ቀርታለች።

ለእኛ ጆሮ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ዜማው ማልካውንስ በሚባል ራጋ ነው የተሠራው። ራጋ እኛ ቅኝት የምንለው ዓይነት ነገር ነው በሉት። ማልካውንስ አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፣ ልክ እንደኛ ቅኝቶች። እኛን ቶሎ የሚይዘን ለዚህ ይሆን? የኔ ግምት ነው።

«በ1969 ኪሾር ኩማር ቀበረው፣ እስኪሞቱም ተጣልተው ኖሩ»

እዚህ ላይ ግማሹ እውነት ነው፣ አልክድም። በ1969 አራድሃና የሚባል ፊልም ወጣ፣ ራጄሽ ካናን ኮከብ አደረገው፣ ድምፁ ኪሾር ኩማር ነበር። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ሁሉም ኪሾር ኪሾር አለ፣ የራፊ ሥራ ቀነሰ። ሰዎች የሚረሱት ግን አራድሃና ውስጥ ራፊም ሁለት ዘፈን እንዳለው ነው።

መቀበሩስ? በ1977 ፊልም ላይ በዘፈነው ቃል ኪዳንህ የት ገባ በሚል ዘፈን ፊልምፌር የሚባለውን የህንድ ፊልም ሽልማትንም ብሔራዊ ሽልማትንም ወሰደ። ፊልምፌሩ ስድስተኛው ነው። የዘፈኑ አቀናባሪ ደግሞ የኪሾር ዋና ሰው የሚባለው አር ዲ በርማን! በዚያው ዓመት የወጣው አማር አክባር አንቶኒ ውስጥ አንድ ዘፈን አለ፣ ሦስት ወንድማማቾች ተራ በተራ የሚዘፍኑት። የአሚታብን ኪሾር፣ የሪሺ ካፑርን ራፊ፣ የቪኖድ ካናን ሙኬሽ። የሴቶቹን ዘፋኟ ላታ ማንጌሽካር። አራቱ በአንድ ዘፈን ውስጥ።

ጠቡን በተመለከተ ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። ኪሾር አክተርም ነበር። በ1958 ራጊኒ በሚል ፊልም ላይ ከባድ የክላሲካል ዘፈን መጣበትና አቀናባሪው ኦ ፒ ናያር ለራፊ ሰጠው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ያ ታላቅ ዘፋኝ ኪሾር ኩማር ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፁ የራፊ ነው። ዘፋኝ ለዘፋኝ ሲዘፍን!

«28 ሺህ ዘፈን ዘፍኗል»

ቁጥሩ ከአየር አልመጣም። በ1974 ጊነስ ላታ ማንጌሽካር ከ25 ሺህ ያላነሰ ዘፈን ቀድታለች ብሎ መዘገበ። ራፊ አልተዋጠለትም፣ ለጊነስ ጻፈ። ከሞተ በኋላ የወጣ እትም የላታን ሳይነካ፣ ራፊ ደግሞ 28 ሺህ እንዳለው ተናግሯል ብሎ አብሮ አሰፈረ። እስቲ እናስላው። ከ1944 እስከ 1980 ማለት 36 ዓመት ነው። በየቀኑ ከሁለት ዘፈን በላይ፣ እሁድ የለም፣ ጉንፋን የለም። አይሆንም። የዘፈን ዝርዝር ሰብሳቢዎች ቁጭ ብለው ሲቆጥሩ የራፊም የላታም ወደ 5 ሺህ ገደማ ነው የወጣው። ጊነስም በ1991 ዝርዝሩን ከነአካቴው አወጣው። 5 ሺህ ቀላል ነው እንዴ?

«ከላታ ጋር የተጣላው በቅናት ነው»

በገንዘብ ነው፣ ግን ለራሱ ብሎ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላታ ዘፋኞችም ከሸክላ ሽያጭ ድርሻ ይገባናል ብላ ተነሳች። ራፊ ደግሞ ሥራዬን ሠራሁ፣ ገንዘቤን ተቀበልኩ፣ አለቀ ባይ ነው። ከዚያ ለጥቂት ዓመታት አብረው አልዘፈኑም፤ በኋላ ታረቁ።

ራፊ ገና ለጀመሩ አቀናባሪዎች በትንሽ ክፍያ የሚዘፍን ሰው ነበር። ደግ ነው። ግን እወደዋለሁ ብዬ አልዋሽም፣ በዚህ ጉዳይ ልክ ላታ ነበረች። የሱ አቋም ለሱ ይሆናል፣ ዓመት ሙሉ ስልኩ ይጮሃላ። ሁለት ዘፈን ዘፍኖ የሚረሳው ዘፋኝስ? ካሴታቸው በየሱቁ እየተባዛ ሲሸጥ ምንም ሳያገኙ ያረጁ የኛ አገር ድምፃውያንን ያየ ሰው የላታ ነገር ቶሎ ይገባዋል።

«መቃብሩ ጋ ሄዶ አበባ ማስቀመጥ ይቻላል»

ሁለተኛው ያመንኩት ስህተት ይሄ ነው። ራፊ ጁላይ 31 ቀን 1980 በድንገተኛ የልብ ሕመም ሞተ፣ 55 ዓመቱ ነበር። በማግሥቱ ቦምቤይ ዝናብ ይወርዳል፤ ህዝቡ በሺዎች ሆኖ እየበሰበሰ ሸኘው። የተቀበረው ጁሁ በሚገኘው የሙስሊሞች መቃብር ነው። በ2010 ግን መቃብሩ ሞላና ለአዲስ ሟቾች ቦታ ለማግኘት የድሮዎቹ ፈረሱ። የራፊም፣ የተዋናይቷ የማዱባላም።

አድናቂዎቹ ግን አሁንም ይሄዳሉ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በልደቱና በሞተበት ቀን። ድንጋይ የለ፣ ስም የለ። በአቅራቢያው የነበረ አንድ የኮኮናት ዛፍ አለ፤ እሱን ነው ምልክት ያደረጉት።