«ይዘው የመጡትን ይዘው ይመለሱ» ምንድን ነው?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ወዳሉት ተራሮች፣ ወደ መንዝ ጓሳ፣ ወደ አንኮበር ወይም ወደ ወፍ ዋሻ ለሽርሽር የሚወጣ ሰው መኪናው ላይ የሚጭነው ይታወቃል። ውሃ በካርቶን፣ ብስኩት፣ ሶፍት፣ ቱና፣ ልጅ ካለ ዳይፐር። ደንቡ አጭር ነው፦ የሚበላው ይበላል፣ ባዶውን ግን ያመጣው ሰው ራሱ ወደ ከተማ ይመልሰዋል። እዚያው አይጣልም፣ አይቀበርም፣ አይቃጠልም።

ለምን አይቀበርም? ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ሌሊቱ ውርጭ ነው። በብርድ ደግሞ ነገር ቶሎ አይበሰብስም። የብርቱካን ልጣጭ እንኳ ይቆያል፤ ፕላስቲኩንማ ተዉት። ማቃጠልም አያዋጣም። የካምፕ እሳት ፕላስቲክን አሟጦ የሚያነድ ሙቀት ስለሌለው መርዛማ ጭስና ቀልጦ የተጋገረ ጥቁር ነገር ይተዋል። ያውም በደረቅ ሣር መሃል!

የምግብ ትርፍራፊ ላይ ግን ብዙዎቻችን ቸልተኞች ነን። «እንስሳ ይበላዋል» እንላለን። ችግሩም መበላቱ ነው። ትርፍራፊ ውሻ ይስባል፤ ውሻው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ጓሳ ላይ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ የቀረውም በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነው። በባሌ ተራሮች ይሄው በሽታ በተደጋጋሚ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። ጭላዳም ሣር በል ነው፤ ዳቦ ካስለመዱት ግን ሰው ቦርሳ ላይ ይመጣል። የመንዝ በግ ፌስታል ከዋጠ ሆዱ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል። ኪሳራው የገበሬው ነው፣ የእንግዳው አይደለም። ስለዚህ የሙዙም ልጣጭ ይመለሳል።

«ቆሻሻውን የመንደሩ ሰው ለምን አይሰበስበውም?» የሚል አይጠፋም። ቢሰበስብስ የት ያደርሰዋል? የቆሻሻ መኪና ገደሉን ወጥቶ አይመጣም። ቁራሌውም ለጥቂት ባዶ ሃይላንድ ብሎ ያን ሁሉ መንገድ አይሄድም፤ ትራንስፖርቱ ከጠርሙሱ ዋጋ ይበልጣል። የእንግዳው መኪና ግን በደብረ ብርሃን በኩል መመለሱ አይቀርም፣ ቦታም አለው። ከእሱ የረከሰ ማጓጓዣ የለም።

እርግጥ ከተማም ቢደርስ ሁሉም ገዢ አያገኝም። ጠርሙሱ ይሸጣል፤ የብስኩት ላስቲክና ዳይፐር ግን ማንም አይፈልጋቸውም። የሚቻለውን ከቤት አለመያዝ ነው። ውሃ በጀሪካን፣ ዳቦ በጨርቅ። የፕላስቲክ ከረጢትማ በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው አዋጅ ታግዷል።

ማስታወቂያ መለጠፍ ብቻውን ይበቃል ብዬ አላምንም። ገንዘብ ማስያዝ ይሻላል፤ የቢራ ሳጥን ስንወስድ እንደምናደርገው። ኔፓል ኤቨረስት ላይ ከ2014 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ ተራራ የሚወጡ ቡድኖችን 4,000 ዶላር ታስይዝ ነበር፤ እያንዳንዱ ሰው 8 ኪሎ ቆሻሻ ይዞ ከወረደ ገንዘቡ ይመለሳል። ብዙዎቹ ገንዘባቸውን አስመለሱ፤ የላይኛው ካምፕ ግን እንደቆሸሸ ቀረ። የሚቀርባቸውን የታችኛውን እየለቀሙ ኪሎውን ይሞሉ ነበርና።

መንዞች ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ጠብቀው፣ በተራ ሲያጭዱ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ የጋራን ነገር መቆጣጠር ማንም አያስተምራቸውም። የኪሎ ሚዛን አያስፈልግም። ሲገባ ጠርሙሱንና ጣሳውን በር ላይ መቁጠር፣ ሲወጣ ባዶውን መቁጠር፣ ከጎደለ ማስያዣውን ማስቀረት። አንድ ደብተርና አንድ ጥበቃ ይበቃል።