ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ ዕዳው የማን ነው?

ባለፈው ሰኞ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። አንድ የሥራ ኃላፊ የግማሽ ዓመቱን ክንውን ያብራራሉ። በመቶኛ ጀምረው በመቶኛ ጨረሱ። መጨረሻ ላይ ፈገግ ባለ ድምፅ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እንግዲህ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ!» ጋዜጠኛው ሳቀ፤ ማስታወቂያ ገባ። ረዳቱ ግን «ዳቦውንማ እናንተው በላችሁት» ብሎ ታክሲውን በሳቅ ሞላው።

ለልጆች የምጽፍ ሰው ነኝ። በሳምንቱ ውስጥ ጆሮዬ የለቀመውን ዓርብ ማታ ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። አንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ይሆናል፣ አንዳንዱ የመጽሐፍ መነሻ ይሆናል፣ አብዛኛው እዚያው ተኝቶ ይቀራል። በዚህ ሳምንት ደብተሩን የያዘችው ይህቺው አንድ አባባል ናት። ኃላፊው የተጠቀሙባት «ጨርሻለሁ» ለማለት ነው። እሳቸው ብቻ አይደሉም። የሠርግ መድረክ መሪውም፣ የስብሰባ ሰብሳቢውም፣ ፌስቡክ ላይ ረጅም ጽሑፍ የለጠፈውም ሁሉ እንደ አራት ነጥብ ይጠቀምባታል።

አራት ነጥብ አይደለችም። ሂሳብ መጠየቂያ ናት። እኔ ነገርኳችሁ፣ አሁን ተራው የእናንተ ነው ማለት ነው። ዳቦው በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ መጀመሪያ የተጠየቀው ተረት ነው።

ያደግኩት ምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ ገጠር ነው። ተረት የሚጀመረው ከብቱ ገብቶ፣ ላሟ ታልባ፣ ራት ከተበላ በኋላ ነበር። ቀን ተረት አይወራም። ለምን ሲባል መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል፤ እኛ ቤት «ከብት ይጠፋል» ነበር የሚባለው። እውነት ነው እኮ! ተረት ላይ የተጣደ እረኛ ላሙን መቼ ያያል?

አያቴን «እምዬ» ነበር የምንላት። ምድጃው አጠገብ መደቡ ላይ ትቀመጣለች። እኛ ከታች፣ ቁርበት ላይ። ኩራዙ ጋዝ ይፈጃል ተብሎ ይጠፋል፤ የምድጃው ፍም ይበቃል። እጇ ግን አያርፍም። ትፈትላለች። ጥጡ ቀን ተፈልቅቆ፣ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ሆኗል። በአንድ እጇ ባዘቶውን ከፍ አድርጋ ትይዝና በሌላው እንዝርቱን ጭኗ ላይ ሽር ታደርገዋለች። ክሩ ይረዝማል፣ ይጠመጠማል፣ እንደገና ሽር። ብርሃን አያስፈልጋትም። የክሩን ውፍረት የምታውቀው በጣቷ ነው።

«ተረት ተረት!» ትላለች።

«የላም በረት!» እንላለን።

ልብ በሉ፤ ተረቱ ገና ከመጀመሩ ሰሚው ሥራ ተሰጥቶታል። ካልመለስንላት አትቀጥልም። አንዳችን ካንቀላፋን ድምፃችን ይሳሳል፣ «ማነው የከዳኝ?» ብላ ትጣራለች። መሃል ላይም «እሺ፣ ከዚያስ?» ማለት ግዴታ ነው። ዝም ብሎ መስማት የሚባል ነገር አልነበረም።

ከዚያ ጦጣዋ ካመለጠች፣ ጅቡ ከተቀጣ፣ የእንጀራ እናት ከተዋረደች በኋላ ያቺ ቃል ትመጣለች። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።» ያኔ ነው ጭንቁ። ተራው ከትልቅ ወደ ትንሽ ነው። ታላቅ ወንድሜ የሚያውቀው አንድ ተረት ብቻ ነበር፤ የዝንጀሮና የገበሬ። አንድ ቀን ዝንጀሮውን ጦጣ፣ ገበሬውን ነጋዴ አድርጎ እንደ አዲስ ሊያስገባ ሞከረ። እምዬ እስከ መጨረሻው አዳመጠችውና «ይቺን ዝንጀሮ መቼ ነው ክርስትና ያነሣሃት?» አለችው። ያ ስም እስከ ዛሬ አልለቀቀውም፤ ቤታችን ውስጥ ያወራነውን ደግሞ የሚያወራ ሰው ሁሉ «ዝንጀሮ ክርስትና አንሺ» ይባላል።

ተረት የሌለው ትንሽ ልጅ በእንቆቅልሽ ይመልሳል። «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልሽ!» እምዬ የምታውቀውን እንዳላወቀች ሆና «አላወቅሁም» ስትል «አገር ስጪኝ» እንላታለን። ጎንደርን ትሰጠናለች። «ጎንደር ገብቼ ምን አጥቼ» እያልን ቁርበቱ ላይ እንንቀባረራለን። በኋላ ሳስበው ሆን ብላ ነበር የምትሸነፈው። ትንሹ ልጅም ዕዳውን ከፍሎ እንዲተኛ።

አሁን ወደ ዳቦው እንምጣ። በእንጀራ አብሱ ለምን አልተባለም? እንጀራ የዕለት ነዋ። ዳቦ ቀን አለው። ድፎ የሚደፋው ለማኅበር፣ ለዝክር፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀት ነው። ስንዴው ይለቀማል፣ ታጥቦ ይሰጣል፣ ይፈጫል። ሊጡ በእርሾ ተቦክቶ ያድራል። በማግሥቱ ምጣዱ ሲሰማ ኮባ ይነጠፍበታል፣ ሊጡ ይገለበጥበታል፣ ከላይም ኮባ ይለብሳል። ይከደንና ክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል። ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት። ኮባው መጠበስ ሲጀምር ሽታው አጥር ዘልሎ ጎረቤት ይገባል። ዳቦው ወጥቶ ኮባው ሲላጥለት የቅጠሉ መስመር ጀርባው ላይ ታትሞ ይቀራል። እኛ የምንሻማው ለዳሯ ቅርፊት ነበር። ግን ተባርኮ ሳይቆረስ ማን ይነካል?

እንግዲህ ተረት ነጋሪዋ የጠየቀችው ይህንን ነው። የዕለት ጉርሷን አይደለም፤ የበዓል ዳቦ ነው። ዋጋዋን የምታውቅ ባለሙያ ናት።

ታዲያ በአዘቦት ቀን ዳቦ ከየት ይመጣል? ከየትም። ባዶ እጃችንን ይዘን መደቡ ላይ እንወጣና «እንቺ እምዬ» እያልን አፏን እናብሳለን። እሷም ታኝካለች! «ያንቺ ጨው አንሷታል።» «ያንተ ኮባዋ አርሯል፤ ምጣዱን ትተህ የት ሄደህ ነበር?» ትፈርዳለች። እናቴ ሙያ ማለትን ያስተማረችኝ ምጣድ ላይ ነው። እምዬ ግን ምንም በሌለበት ነው ያስተማረችኝ፤ የሌለ ዳቦ ጨው እንደሚያንሰው የገባኝ እዚያ ነው። ዛሬ የምኖረውም በዚሁ ሙያ ነው።

አሁን ስለ አባባሏ መነሻ የራሴን ልናገር። ለዓመታት ያብሰለሰልኩት ነው፤ ማንም ከእጄ አያስጥለኝም። ነጋሪዋ «ዳቦ ስጡኝ» አላለችም። «አፌን አብሱ» ነው ያለችው። ጤነኛ ሰው፣ ሁለት እጅ ያለው፣ ለምን አፉን ሌላ ሰው ያብስለታል? እጁ ሥራ ይዞ ከሆነ ብቻ። አንዱ እጅ ባዘቶ፣ ሌላው እንዝርት ይዟል። እንዝርቱን ብታስቀምጠው ክሩ ይፈታል፣ ይቋጠራል። ስለዚህ ልጆቹ ናቸው አፏ ድረስ የሚያደርሱላት። ይህቺ አባባል የተወለደችው ከፈታይ ሴት አፍ ነው። ማስረጃ አምጪ ካላችሁኝ የእምዬን እጅ አመጣለሁ።

ሌላውም በዚሁ ይፈታል። «መልሱ» ለምን አስፈለገ? ተራው ወደ ልጆቹ ሲዞር የእሷ አፍ ያርፋል፣ እጇ ግን ይቀጥላል። ልጆቹ አይተኙም፣ እሷም አታንጎላጅም። ሌሊቱ እየገፋ ልቃቂቱ ይወፍራል። ክረምቱ ሲያልቅ ሸማኔው ጋ የሚሄድ የጋቢ ክር ተዘጋጅቷል። የብዙ ቤት ጋቢ በተረት ታግዞ የተፈተለ ነው ብል ማን ይከራከረኛል?

የሚከራከረኝ አለ። ቅኔ ቤት ያለፈ አንድ ወዳጄ ነገሩን የቆሎ ተማሪ ነው ያመጣው ይላል። «አንቺ ደግሞ! ‹መልሱ› እና ‹አብሱ› ቤት ሲመቱ አትሰሚም? ይሄ የተማሪ እጅ ያለበት ነው።» እንደ እሱ አባባል፣ ደበሎ ለብሶ ካገር አገር የሚዞር ተማሪ መሽቶበት ሰው ቤት ሲያድር ለማደሪያው ተረት ይከፍላል፣ ለተረቱ ደግሞ ዳቦ ይጠይቃል። ቀን በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ የሚያገኝ ሰው ማታም በአፉ ቢበላ ምን ይገርማል? መልኳ ደህና ናት። ግን አኩፋዳ ያነገተ ሰው «አፌን አብሱልኝ» አይልም፤ «አኩፋዳዬን ሙሉልኝ» ነው የሚለው። ወዳጄ ለዚህ መልስ አላመጣም። ቡና አዘዘ።

አፍ ሠርቶ ዳቦ ማግኘቱን ግን አልክድም። ቡሄ ነዋ! ነሐሴ 13 ሲደርስ ጅራፍ የሚያጮኸው፣ ሆያ ሆዬ የሚለው ልጅ ሁሉ ሙልሙሉን ይዞ ይገባል። አንዱ ይጨፍራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። እዚህም ያለ ተቀባይ ነገሩ አይሆንም።

ሥራዬ ሆኖ የሌላ አገር ተረት መጨረሻም እለቅማለሁ። አርመኖች ተረት ሲጨርሱ ከሰማይ ሦስት ፖም ወደቀ ይላሉ። አንዱ ለነጋሪው፣ አንዱ ለሰሚው፣ ሦስተኛው ለማን እንደሆነ ነጋሪው እንደፈቀደው ነው። ሩሲያውያን ደግሞ ነጋሪው ራሱ ተረቱ ውስጥ ያለው ድግስ ላይ ይገኛል። ጠጁንም ጠላውንም ጠጣሁ፣ በጢሜ ላይ ወረደ እንጂ አፌ አልገባም ይላል። ሚስኪን! እሱም አፉን የሚያብስለት አጥቷል። ፈረንጆቹ ከዚያ በኋላ በደስታ ኖሩ ብለው የባለታሪኮቹን ኑሮ ያወሩልናል፤ የነጋሪውን ሆድ የሚያስታውስ የለም። እኔ ካየኋቸው ውስጥ ግን ተረቱን ራሱን መልሱልኝ የሚል የኛው ነው። አርመኑ ሰሚ ፖሙን ይዞ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል። የኛ ሰሚ ግን ሳይከፍል አይተኛም።

ታዲያ መቼ ነው ዕዳው የተረሳው? አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ስመጣ ተረት በሳጥን ሲነገር አየሁ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ከ40 ዓመት በላይ የአገሩን ልጅ ሁሉ ሰብስበው አጫውተዋል። እሳቸው ብቅ ሲሉ የአክስቴ ልጆች ለሳጥኑ ተነሥተው እጅ ይነሡ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሲያርፉ ሽማግሌው ሁሉ እንደ ልጅ ነው ያለቀሰው። ፍቅሩ አያጠያይቅም። ነገር ግን ሳጥን ሳጥን ነው፤ ያመጣል እንጂ አይቀበልም። እኛም መቀበልን ብቻ ለመድን። መጽሐፍም ከዚህ አያመልጥም፣ የእኔንም ጨምሮ።

ባለፈው ዓመት አንድ የልጆች የንባብ ዝግጅት ላይ ነበርኩ። መድረክ መሪዋ አንድ ተረት ጥሩ አድርጋ ነገረች። ስትጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ!» አለች። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። «እኔ አለኝ» አለ። «ጎበዝ! ግን ሰዓት የለንም፤ አሁን ኬክ ነው» ተባለ። እጁን አወረደ። መልሱ ተባለ፣ ሊመልስ ተነሣ፣ አትመልስ ተባለ። ኬኩን ግን ሁሉም በላ፤ ሥራ የሠራችው መድረክ መሪዋ ብቻ ነች ያልቀመሰችው። ነገሩ ተገልብጦ ነው ያየሁት።

እናንት የስብሰባ ሰዎች፣ ሪፖርታችሁን ስትጨርሱ «አመሰግናለሁ» ይበቃል። «ተረቴን መልሱ» ካላችሁ ግን ቁጭ በሉና የሕዝቡን ተረት ስሙ፤ ሳይረዝም አይቀርም። ደግሞም የራስን ሪፖርት ተረት ብሎ መጥራት ምን ይባላል? ውሸት ሲሰሙ «ተረት ተረት ነው» የሚሉትንስ ለሌላ ሳምንት ልተዋቸው።

እኔ የሚቀጥለው መጽሐፌ መጨረሻ ላይ ሁለት ገጽ ባዶ እንዲተው ጠይቄያለሁ። ከላይ «ተረቴን መልሱ» ይላል፤ የቀረው የልጁ ነው። ይጻፍ፣ ይሳል፣ እናቱ ትጻፍለት፣ እንደፈለገ። አሳታሚዬ የወረቀት ዋጋ በየወሩ በሚጨምርበት ጊዜ ባዶ ገጽ ማተም ማለት ለአንባቢ ምንም ሳይሰጡ ገንዘብ መቀበል ነው አለኝ። የእምዬን የሌለ ዳቦ ነገርኩት። ሳቀና «እሱም ጨው አንሶታል» አለኝ። ድርድሩ አላለቀም፤ እስካሁን አንድ ገጽ ፈቅዷል።