የሙከራ ዕይታ ምንድን ነው?

ተማሪዎች የሠሩት ዘጋቢ ፊልም ተመርቆ፣ አዳራሹ አጨብጭቦ፣ በር ላይ የተቀመጠው መዝገብ «ግሩም ሥራ ነው፣ በርቱ» በሚሉ ቃላት ከተሞላ በኋላ «የተመልካች አስተያየት ተሰብስቧል» ተብሎ በሪፖርት ሲጻፍ ደጋግሜ አነባለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን መዝገብ የሙከራ ዕይታ ውጤት አድርጎ ሲጠቅሰው ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የሙከራ ዕይታ ማለት አርትዖቱ ገና ሊለወጥ የሚችልን ፊልም፣ ስለ ጉዳዩ አስቀድመው ምንም ላልሰሙ ጥቂት ሰዎች አሳይቶ ምን እንደተረዱና የት ላይ ግራ እንደገባቸው ማጣራት ነው። ልብስ ሰፊ ጨርቁን በስስ ክር ለጊዜው አያይዞ ለደንበኛው እንደሚለካው ያለ ነው፤ ክሩ ሳይጠብቅ ሁሉም ነገር ሊፈታ ይችላል። በሠርጉ ዕለት «አምሮብሃል» መባል ግን ምርቃት እንጂ ልኬት አይደለም። ደንበኛው «ብብቴን ያዘኝ» ሲል እውነቱን ነው፤ «እንግዲያው እዚህ ጋ ቅደደው» ሲል ግን ቃሉን እንዳለ የሚፈጽም ሰፊ ጨርቁን ያበላሻል፤ ጥፋቱ ያለው ትከሻው ላይ ሊሆን ይችላልና።

ፊልም ላይም ነገሩ ያው ነው። «መሐል ላይ ያለው ቃለ መጠይቅ ረዘመ» የሚል አስተያየት ሲደጋገም ተማሪዎች ወዲያው ወደ መቁረጥ ይሮጣሉ። ተናጋሪዋ ማን እንደሆነችና ጉዳዩ ለምን እንደሚመለከታት ቀደም ብሎ በአንድ መስመር ጽሑፍ ቢገለጽ ኖሮ ግን ያው ቃለ መጠይቅ አንድ ሰከንድ ሳይቀነስለት ተመልካቹን ይዞ ሊዘልቅ ይችል ነበር። ተመልካች ሕመሙ የት እንዳለ ያሳያል፤ ምክንያቱን መፈለግ የአርታኢው ሥራ ነው።

ያው ጸሐፊ «ወደዳችሁት ወይ ብሎ መጠየቅ ይበቃል» ባይ ነው። እኔ አልስማማም። ሠሪው ፊት ለፊት ቆሞ እየጠበቀ «አልወደድኩትም» የሚል ሰው ጥቂት ነው፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። «ባለታሪኩ የሚፈልገው ምን ነበር?»፣ «ሐሳባችሁ መጀመሪያ የሸሸው የትኛው ትዕይንት ላይ ነው?»፣ «ፊልሙን ላላየ ሰው በሦስት ዓረፍተ ነገር ንገሩት» የሚሉት ጥያቄዎች ግን ለምስጋና ቦታ አይተዉም። መልሶቹ ከውይይቱ በፊት፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣ በጽሑፍ ይሰብሰቡ፤ ውይይት ከቀደመ መጀመሪያ የተናገረው ሰው የሌሎቹን ሐሳብ ይጎትተዋል። በዚህ ሁሉ መሐል አዘጋጁ ማብራሪያ ከመስጠት ይቆጠብ። ፊልሙ በሚታይበት ቤት ሁሉ አብሮ እየዞረ ሊያብራራ አይችልምና። ድምፁ እንዳልተቀናበረና ቀለሙ እንዳልተስተካከለ አስቀድሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ግን ተገቢ ነው፤ አለበለዚያ የአስተያየቱ ግማሽ ስለ ጫጫታ ይሆናል።

ማንም ባይጠይቀኝም አንድ ነገር ልጨምር። በፊልሙ ውስጥ የታዩ ሰዎች የሚሰጡት አስተያየት ከዚህ ጋር መቀላቀል የለበትም። ፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ ዣን ሩሽና የአገሩ ልጅ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቁ ኤድጋር ሞራን እ.ኤ.አ. በ1961 ለሕዝብ ባቀረቡት «የአንድ በጋ ዜና መዋዕል» በተሰኘ ፊልም፣ ተሳታፊዎቹ የተቀረጸውን ተመልክተው ሲከራከሩበት በራሱ በፊልሙ ውስጥ ይታያል፤ አንዳንዱ ገመናን ማጋለጥ ነው ሲል ሌላው ሰው ሠራሽ ነው ይላል። ባለጉዳዮች የሚያነሡት የፈቃድ፣ የክብርና የእውነት ጥያቄ ስለሆነ፣ ትዕይንቱ ግልጽ መሆን አለመሆኑን ከእነርሱ መስማት አይቻልም። ታሪኩን ኖረውታልና የጎደለውን ከራሳቸው ይሞሉታል። ስለዚህ ለእነርሱ ለብቻቸው፣ አርትዖቱ ከመዘጋቱ በፊት ይታይላቸው።

ፊልሙ ከታረመ በኋላ ለሚደረገው ሁለተኛ ዕይታ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ተመልካቾች መልሶ መጥራት አያዋጣም፤ ታሪኩን አንዴ ስላወቁት ግልጽ ያልነበረው ቦታ አሁን ግልጽ ሆኖ ይታያቸዋል። ተማሪዎች ከሚያገኟቸው አዳዲስ ተመልካቾች ገሚሱን ገና ከመነሻው ለዚያ ዙር ማቆየት ይኖርባቸዋል።