«በጥቅምት አንድ አጥንት»፦ ክረምት ሲወጣ የሚገባው ብርድ

መስከረም እየተገባደደ ሲሄድ በጎጃም ደጋ የሰው ሁሉ ዓይን ሰማይ ላይ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ተራራውን ሸፍኖ የከረመው ደመና ይሳሳል፤ ሌት ተቀን ይወርድ የነበረው ዝናብም ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ ነጎድጓድ አንዳንዴም በረዶ አስከትሎ፣ ጥቂት ጥሎ ያባራል። ጭቃው መጠጥ ሲል፣ ጋራው በአደይ አበባ ሲያጌጥ፣ ብርዱም አብሮ ያለፈ ይመስላል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው አባባል የሚነሣው እንግዲህ በዚሁ ሰሞን ነው።

የቃሉ ፍቺ ግልጽ ነው፦ ጥቅምት ሲገባ አንድ አጥንት እንኳ ቢሆን ቀቅሎ መረቁን የጠጣ፣ ቅልጥሙንም ሰብሮ የመጠጠ ሰው ብርዱን ይቋቋማል ማለት ነው። ዛሬ አባባሉ በአብዛኛው የሚሰማው ሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ሌላውን ለመጋበዝ ወይም ራሱ ግብዣ ለማግኘት ሰበብ ለሚፈልግ ሰው ማሟሻ ሆኖ ነው። በእኔ አስተያየት ግን አባባሉ ከሥጋው ይልቅ ስለ አየሩ የሚናገረው ይበልጣል፤ የሚያስጠነቅቀውም ብርዱ የሚበረታው ዝናቡ ሲመጣ ሳይሆን ሰማዩ ሲጠራ መሆኑን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ቀን ፀሐዩን ቢከለክልም ሌሊት ምድሪቱ ያላትን ሙቀት እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያቆይላታል፤ ስለዚህ ቀኑና ሌሊቱ በሙቀት ብዙም አይራራቁም። ደመናው ሲገፈፍ መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊቱን ወደ ጠራው ሰማይ ትለቀዋለች፤ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስም ይጨመርበታል። በዚህ ምክንያት እኩለ ቀን ላይ ጃኖ የሚያስጥለው ፀሐይ ከጠለቀ በኋላ ብርዱ አጥንት ድረስ ዘልቆ ይሰማል፤ በጣም የሚከፋውም ሊነጋጋ ሲል ነው።

ጎጃም ግን ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጮቄ ተራራና የዓባይ በረሃ በአንድ ሌሊት የተለያየ ዓለም ናቸው። ከደጀን ቁልቁል በረሃው ውስጥ ያደረ ሰው አባባሉን ተረት ሊለው ይችላል፤ በጮቄ ግርጌና በሰከላ ደጋ የሚኖረው ግን በማለዳ ወጥቶ የገብሱ ቅጠል ጫፍ ላይ ጤዛው ነጭ ሆኖ ሲያየው፣ በእጁ ሲነካውም ሲንኮሻኮሽ ሲሰማው፣ ውርጭ መግባቱን ያውቃል። ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ከጋራው ወገብ ይልቅ ረባዳው ቦታ ቀድሞ የሚመታውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊታቸው ከጥቅምት ይልቅ ይበርዳል፤ ታዲያ አጥንቱ ለምን ለጥቅምት ተሰጠ? ቃሉ ቤት መምታቱ አንድ ነገር ነው፤ «ጥቅምት» እና «አጥንት» ለአፍ ይጣፍጣሉ። ከዚያ በላይ የሚያሳምነኝ ግን የጾሙ ሥርዓት ነው። ፍልሰታ በነሐሴ አጋማሽ ይፈታል፤ ጾመ ነቢያት በኅዳር አጋማሽ ይገባል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚጾመው ጾመ ጽጌ የፈቃድ ጾም ስለሆነ፣ ጥቅምት ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ለብዙው ምእመን የፍስክ ወር ነው። ታኅሣሥ ብርዱ ቢብስም ድስቱ የጾም ነው። ከብቱም ክረምቱን ለምለም ሣር ሲግጥ ከርሞ የሚወፍረው በዚሁ ጊዜ ነው። «አንድ» መባሉ ደግሞ የገበሬውን ጓዳ ያሳያል፤ ያለፈው ዓመት እህል ተሟጦ አዲሱ ገና ባልታጨደበት ወር ሙክት ይታረድ ማለት አይቻልም፣ አንድ አጥንት ግን ለቤተሰቡ መረቅ ይሆናል።

አባባሉ በሚነሣባቸው በእነዚህ የክረምት መውጫ ቀናት ከሰማዩ የሚጠበቀው፣ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምቱ መስከረም 25 ላይ ቢያበቃም፣ የዝናቡ ቀስ በቀስ ማፈግፈግ ነው። ዝናቡ የሚለቀው ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሆነ በአዊና በምዕራብ ጎጃም እስከ ጥቅምት አጋማሽና ከዚያም ወዲያ ሊዘንብ ይችላል። ይህ ለዋልካ መሬት ሽምብራና ጓያ ሲሳይ ነው፤ በቀሪ እርጥበት የሚበቅሉ ናቸውና። ለደረሰ ጤፍ ግን ጉዳት ነው፤ ይተኛል፣ ፍሬውም ይረግፋል። ባቄላው ገና በአበባ ላይ ያለ የደጋ ገበሬ ደግሞ ከዝናቡ ይልቅ ጥርት ያለውንና ነፋስ የሌለበትን ሌሊት ይፈራል፤ ውርጭ የሚጥለው እንዲህ ያለው ሌሊት ነውና። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአሥር ቀን ትንበያ የሚከታተል ሰው በዚህ ሰሞን ከዝናቡ መጠን እኩል ዝቅተኛውን የሌሊት ሙቀት ሊያይ ይገባዋል።