ኤችኤስቪ ምንድን ነው?

በስልክ ወይም በታብሌት የምትስሉ ከሆነ የቀለም መምረጫው ውስጥ ሦስት ስላይደሮች አይታችኋል። ብዙ ሰው አይነካቸውም። የቀለም ክቡ ላይ ጣቱን ያሳርፍና ያገኘውን ይዞ ይሄዳል።

ኤችኤስቪ ማለት የእነዚህ ሦስት ስላይደሮች ስም ነው፦ ሂዩ፣ ሳቹሬሽን እና ቫልዩ። ኋላ ላይ የአኒሜሽን ኩባንያውን ፒክሳርን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው አልቪ ሬይ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀው የቀለም አገላለጽ ነው። ስክሪን ቀለም የሚሠራው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየቀላቀለ ነው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255። ለማሽን ይመቸዋል። ግን «ይሄን ቡናማ ትንሽ ፈዘዝ ላድርገው» ስትሉ የትኛውን ትነካላችሁ? ግራ ነው።

በኤችኤስቪ ግን ጥያቄው ይነጣጠላል። ሂዩ የቀለሙን ዓይነት ይነግራል፦ 0 ቀይ፣ 60 ቢጫ፣ 120 አረንጓዴ፣ 240 ሰማያዊ፣ 360 ላይ ዞሮ ቀይ። ሳቹሬሽን ድምቀቱ ነው፤ ዜሮ ካደረጋችሁት ቀለሙ ይጠፋል። ቫልዩ ብርሃኑ ነው።

አንድ ጠይም ፊት እንሳል። ሂዩ 28፣ ሳቹሬሽን 74፣ ቫልዩ 55 ጥሩ መነሻ ነው። ቫልዩውን ብቻ 100 አድርጉትና እዩ፤ ብርቱካናማ ሆኖ ቁጭ ይላል። ቡናማን ክቡ ላይ ፈልጋችሁ ያጣችሁት ለዚህ ነው፤ ብርሃኑ የወረደ ብርቱካናማ ነው።

አሁን ጥላው። አብዛኛው ጀማሪ ቫልዩውን ብቻ ያወርዳል፤ ፊቱም ጥላሸት የተቀባ ይመስላል። ቫልዩውን ወደ 35 ስታወርዱ ሂዩውን ወደ 15፣ ሳቹሬሽኑን ወደ 80 ውሰዱት። ጥላው ወደ ቀይ ያደላል፤ ቆዳው ሥር ደም ያለ ይመስላል። ሕግ አይደለም፣ እንደ ብርሃኑ ይለያያል። እኔ ግን ለጠይም ቆዳ ከዚህ የሚሻል መጀመሪያ አላውቅም።

አንድ ነገር እንዳይሸውዳችሁ። ሙሉ ቢጫና ሙሉ ሰማያዊ ሁለቱም ቫልዩአቸው 100 ነው፤ ለዓይን ግን ሰማያዊው በጣም ይጨልማል። ስለዚህ ቁጥሩን አትመኑ። ከሥዕሉ በላይ ሌየር (ለብቻው የሚሳልበት ንጣፍ) ጨምሩ፣ ጥቁር ሙሉት፣ የሌየሩን ሞድ (ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ) «ከለር» አድርጉት። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ጥላና ብርሃኑ ተደባልቆ ከታያችሁ ያኔ ቫልዩው መስተካከል አለበት።

የተስማማችሁን ቀለም ወዲያው ፓሌት ላይ አስቀምጡት። በኋላ በአይድሮፐር ከሥዕሉ ላነሳው ካላችሁ፣ ብሩሹ ሳሳ ያለበት ቦታ ላይ ከሥሩ ካለው ቀለም ጋር የተቀላቀለውን ይሰጣችኋል።