የሊሲማኪያ ድል ምንድን ነው? መቄዶንያ ከጋውሎች ወረራ የዳነችበት ታሪክ

የሊሲማኪያ ድል የምንለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ277 አንቲጎነስ ጎናታስ የጋውል ወራሪዎችን የደመሰሰበትን ውጊያ ነው። ቦታው ሊሲማኪያ ከተማ አካባቢ ነው፤ ዛሬ በቱርክ የአውሮፓ ክፍል፣ ጋሊፖሊ በሚባለው ባሕረ ገብ መሬት መግቢያ ላይ። አንቲጎነስ በዚህ ድል ስሙ ገነነና የመቄዶንያ ንጉሥ ሆነ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የጥንት ዓመቶች ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው፤ ስለዚህ ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል።)

ድሉ እንዴት እንደመጣ የሚገባን ግን ከእሱ በፊት የነበረውን ሽንፈት ስናውቅ ነው።

ታላቁ እስክንድር በ323 ከሞተ በኋላ የጦር አዛዦቹ ግዛቱን ተቀራምተው ለአርባ ዓመት ያህል እርስ በርስ ተዋጉ። በ281 የመቄዶንያና ከእሷ በስተምሥራቅ ያለችው የትራቅያ ንጉሥ ሊሲማኮስ በጦር ሜዳ ሞተ። ያሸነፈው ሌላው የእስክንድር አዛዥ ሴሌውከስም ብዙ አልቆየም። በጥሊሞስ ኬራውኖስ የተባለ ልዑል በእጁ ገደለውና የመቄዶንያን ዙፋን ያዘ። ይህ ኬራውኖስ የግብፁ ንጉሥ የቀዳማዊ በጥሊሞስ ልጅ ነበር፤ የአባቱ ዙፋን ለወንድሙ ስለተሰጠ ነው ሌላ አገር ፍለጋ የወጣው።

በሰሜን በኩል፣ በዳኑብ ወንዝ አካባቢ፣ ጋውሎች ነበሩ። እነዚህ የኬልት ነገዶች ከአውሮፓ መሀል ተነስተው ለብዙ ዘመን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲገፉ የኖሩ ተዋጊዎች ናቸው። መቄዶንያ ጠንካራ በነበረችበት ጊዜ ድንበሯን አልደፈሩም። ነገሥታቱ እርስ በርስ ሲተላለቁ ግን በሩ ተከፈተ።

በ279 ቦልጊየስ በሚባል አለቃ የሚመራ የጋውል ጦር መጣ። ጋውሎቹ መጀመሪያ መልእክተኛ ላኩ፦ ገንዘብ ክፈሉን፣ ሰላም እንሰጣችኋለን። ታሪክ ጸሐፊው ዩስቲኖስ እንደሚተርከው ኬራውኖስ ይህን እንደ ፍርሃት ቆጠረው። መሣሪያችሁን አስረክቡ፣ አለቆቻችሁንም መያዣ አድርጋችሁ ስጡ አላቸው። ጋውሎቹ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። ከዚያ በፊት ጎረቤቶቹ ዳርዳንያውያን 20,000 ወታደር እንላክልህ ብለውት ነበር። እሱ ግን ምሥራቁን ሁሉ ያሸነፈች መቄዶንያ የእናንተን እርዳታ ከፈለገችማ አለቀላት ብሎ መለሳቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጦሩ ተፈታ። እሱም ቆስሎ ተያዘ፤ ራሱን ቆርጠው በጦር ጫፍ ሰክተው አዞሩት።

አገሪቱ ያለ ንጉሥ ቀረች ማለት ይቻላል። የኬራውኖስ ወንድም ሜሌአግሮስ ለሁለት ወር ያህል ነገሠና ወረደ። ቀጥሎ የመጣው አንቲጳጥሮስ 45 ቀን ብቻ ቆየ። ያን ጊዜ ነው ሶስቴኔስ የተነሳው። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ በጣም የማከብረው እሱን ነው። ከታላቅ ቤት አልተወለደም። ወጣቱን ሰብስቦ የቦልጊየስን ሰዎች አባረረ። ወታደሩ ንጉሥ ሁን ሲለው እምቢ አለ፤ የጦር አዛዥ ነኝ ብሎ በዚሁ ማዕረግ ብቻ አስማላቸው። ሁሉም ለዘውድ በሚሻማበት ዘመን እንዲህ ያለ ሰው መገኘቱ ይገርመኛል። ስሙ ከእስክንድር ጋር ባይተካከልም ከዚህ የበለጠ መታወስ ነበረበት።

ሶስቴኔስ ጊዜ ገዛ እንጂ ጦርነቱን አልጨረሰም። ብሬኖስ የሚባል ሌላ የጋውል አለቃ ከዚያ የበዛ ጦር ይዞ መጣና አሸነፈው። መቄዶንያውያን ከተማቸው ገብተው በራቸውን ዘጉ፤ ገጠሩ ተዘረፈ። ብሬኖስ ቴርሞፒሌ በሚባለው ጠባብ መተላለፊያ በኩል ወደ ግሪክ አልፎ እስከ ዴልፊ ቤተ መቅደስ ወረደ። እዚያ ግን ኤቶልያውያንና ሌሎች ግሪኮች፣ የተራራው ብርድና በረዶም ተጨምሮ፣ ጦሩን በተኑት። ብሬኖስ ራሱ ቆስሎ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ።

ሌላው የጋውሎች ክፍል ወደ ምሥራቅ ሄደ። የቢታንያ ንጉሥ ኒቆሜዴስ ለራሱ ጦርነት ፈልጓቸው በ278 ባሕሩን አሻግሮ ወደ ትንሿ እስያ አስገባቸው። የሰፈሩበት አገር፣ የዛሬዋ አንካራ ያለችበት ማለት ነው፣ በስማቸው ገላትያ ተባለ። ሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ገላትያ ይቺው ናት።

በትራቅያ የቀሩት ጋውሎች ደግሞ ወደ መቄዶንያ ፊታቸውን አዞሩ። ዩስቲኖስ 15,000 እግረኛና 3,000 ፈረሰኛ ነበሩ ይላል። በዚያ አካባቢ አንቲጎነስ ነበር። የመቄዶንያን ዙፋን የሚሻ ሰው ነው፤ አባቱ ድሜጥሮስ በአንድ ወቅት ንጉሥ ነበር። በወጣትነቱ ስቶይኮች የሚባሉትን ፈላስፎች መምህር ዜኖንን አቴንስ ውስጥ ያዳምጥ ነበር። እንደ ኬራውኖስ ቶሎ የሚግል ሰው አልነበረም።

ጋውሎቹ እንደ ልማዳቸው ሰላም ግዛ የሚል መልእክተኛ ላኩበት። አንቲጎነስ አልሰደባቸውም፣ አልፎከረም። ትልቅ ግብዣ አደረገላቸው። የወርቅና የብር ዕቃውን ሁሉ አወጣ። ዝሆኖቹን አሳያቸው፣ መርከቦቹንም አሳያቸው። ሐሳቡ ማስፈራራት ነበር ይላል ዩስቲኖስ። መልእክተኞቹ ግን የተመለሱት በፍርሃት ሳይሆን በጉጉት ነበር። ሀብቱ ብዙ ነው፣ ሰፈሩ ግን ምሽግም ቦይም የለውም ብለው ለወገኖቻቸው ተናገሩ።

አንቲጎነስ ሌሊት እንደሚመጡ ገባው። ስለዚህ ሰፈሩን ባዶ አደረገ። ሰዉ ያለውን ይዞ ጫካ ውስጥ ተደበቀ። ጋውሎቹ ሲደርሱ ዘበኛ እንኳን የለም። ወጥመድ መስሏቸው በሩ ላይ ቆመው አመነቱ። በመጨረሻ ገቡና ያገኙትን ለቃቀሙ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረዱ፤ መርከቦቹ እዚያ አሉ። ያለ ሥርዓት ተበትነው ሲዘርፉ ቀዛፊዎቹና ከነቤተሰባቸው ወደዚያ የሸሹት ወታደሮች ድንገት ወደቁባቸው። ዕልቂቱ ከባድ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መቄዶንያ የታወቀችው በፋላንክስ ነው፤ ረጅም ጦር በያዘ፣ ተጠጋግቶ በሚሄድ እግረኛ። የኬራውኖስ ወታደሮችም የእስክንድር ወታደሮች ልጆች ነበሩ። ያም ሆኖ አልዳኑም። በሊሲማኪያ ግን በዩስቲኖስ ትረካ ፋላንክስ ፊት ለፊት ሲዋጋ አናይም። ጋውሎቹን የጣላቸው የዘረፋ ጉጉታቸው ነው፤ የአንቲጎነስ ብልሃት ያን ጉጉት ማወቁና ቦታ መልቀቁ ላይ ነው። መሬት ለጊዜው መልቀቅን እንደ ውርደት ለሚቆጥር ንጉሥ ይህ የሚሆን ነገር አልነበረም።

የድሉ ወሬ ከጋውሎችም አልፎ ሌሎች ጎረቤቶችን አስፈራ። አንቲጎነስ ብዙም ሳይቆይ መቄዶንያ ገባ፤ አንዳንድ መሰናክል ቢገጥመውም እስከ 239 ገዛ። ዘሩ ሮማውያን በ168 ፒድና ላይ እስኪያሸንፉት ድረስ በዙፋኑ ላይ ቆየ።

ጋውሎቹስ? አንቲጎነስ ራሱ ብዙዎቹን ቀጥሮ ወታደር አደረጋቸው። ርካሽና ደፋር ተዋጊ ነበሩ። ችግሩ ሌላውም ንጉሥ ይቀጥራቸው ነበር። በ274 የኤጲሮስ ንጉሥ ጲሮስ መቄዶንያን ሲወር በእሱ ጦር ውስጥ የነበሩ ጋውሎች በኤጌ የመቄዶንያ ነገሥታትን መቃብር ቆፍረው ዘረፉ፣ አጥንቱንም በተኑ። ጲሮስ አልቀጣቸውም፤ ሕዝቡም ለዚህ አልማረውም። ኤጌ ዛሬ ቨርጊና የምትባለው የግሪክ ከተማ ናት። በ1977 እ.ኤ.አ. እዚያ ያልተዘረፈ የንጉሥ መቃብር በትልቅ የአፈር ጉብታ ሥር ተገኘ። ጉብታውን ከዘረፋው በኋላ የከመረው አንቲጎነስ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።